ዝናብ ሳይዘንብ የሚፈስ ቱቦ

 

ይህን የቀበና ወንዝ ዳር ነዋሪዎችና የበጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ስልጠና ክረምት ሳይገባ ያደረግነው በምክንያት ነው። በበጋው ወራት አስፋልት ላይ የተንጠባጠበው የሞተር ዘይት፣ በየጥጋጥጉ የተጣለው ፌስታል፣ የከብቱ እበት፣ የግንባታው አቧራ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዝናቦች ታጥቦ ወንዝ ይገባል። የነሐሴ ጎርፍ ጉልበቱ ያስፈራል እንጂ ወንዙን ክፉኛ የሚመርዘው ይህ የመጀመሪያው እጣቢ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ከመጸዳጃ ቤት የሚነሳው የፍሳሽ መስመርና መንገድ ዳር ያለው የጎርፍ ቦይ አንድ አይደሉም። የፍሳሽ መስመሩ እንደ ቃሊቲው ወዳለ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። የጎርፍ ቦዩ ግን በቀጥታ ወንዝ ይገባል፤ መሃል ላይ የሚያጣራው ምንም ነገር የለም። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥም፣ የኦሞ ውሃ የሚለቅ ላቫጆም፣ የሲሚንቶ ማቡኪያውን እዚያው የሚያጥብ የቀን ሠራተኛም እኩል ወንዝ ውስጥ እየደፉ ነው። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም።

ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈራችንን አቋርጦ ወደ ትልቁ አቃቂ ይሄዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ በዚሁ ውሃ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አለ፤ ተመልሶ የሚሸጠውም ለእኛው ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ «ውሃው ይወስደዋል» የምንለው ቆሻሻ የትም አይሄድልንም።

እስካሁን ያደረግነው ምን ነበር? ዘመቻ። ቲሸርት ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ሃይላንድና ፌስታል ለቅመን እንመለሳለን። ዘመቻው ይቅር አልልም። ግን የሚለቀመው የሚታየው ብቻ ነው፤ ዘይትና የሽንት ቤት ፍሳሽ በጆንያ አይሰበሰብም። ነገሩ ከምንጩ መያዝ አለበት፤ ለዚህም የምንፈልገው የሰፈሩን ቦይ በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ሦስት ቀን ያህል ዝናብ ካልዘነበ በኋላ ጠዋት ውጡና ቦዩ ወንዝ የሚገባበትን አፍ ተመልከቱ። ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ እየወረደ ከሆነ ዝናብ አይደለም፤ የሆነ ሰው ከላይ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን እዩ፤ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ሲሚንቶ ወይም ቀለም ጠርጥሩ። ሽታውንም ያዙ፤ የሳሙናና የሽንት ቤት ሽታ አይምታታም። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ካያችሁ በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቆ ከቀረ ብረት ካለበት አፈር የሚመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ማንንም አትክሰሱ። ወዲያው መልሶ ከገጠመ ግን ዘይት ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከሰዓት በኋላ ደግማችሁ ሂዱ። ጠዋት ደረቅ ሆኖ አመሻሹ ላይ የሚፈስ ቱቦ፣ ከላይ በዚያ ሰዓት ማን ሥራ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል።

ከዚያ ያለው ደግሞ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሽንት ቤታቸውን ከቦይ ጋር ያገናኙ ቤቶች ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ግዴለሽ ነው። ሌላው ግን ቅያሱ ጠቦ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ስለማይገባለት፣ ጉድጓዱ ሲሞላበት ያደረገው ነው። ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ ከተማው አለው፤ የሚያስፈጽመው ግን ደንብ አስከባሪው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የእናንተ ድርሻ ያያችሁትን ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ማስታወቅ፣ ባለቤቱን ደግሞ በዕድር ሽማግሌ በኩል ማነጋገር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአንድ ላቫጆ የዘይትና የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ማስቆፈር አሥር ጊዜ ከመቅጣት ይሻላል።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ማንሆል ከፍታችሁ እንዳትገቡ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ውሃውን ያለ ጓንት አትንኩ። እንጦጦ ላይ ደመና ከጠቆረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ከወንዙ ውጡ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? ቀበና ግን ለማሳሳቅ ጊዜ አይሰጥም፤ በደቂቃዎች ይሞላል። ልጆች ብቻቸውን እንዳይመጡ፤ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

መዝገቡ በር ላይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ለቤታችሁ የሚቀርበውን የቦይ አፍ አስመዝግቡ። ሩቅ ያለውን አትምረጡ፤ ውሃ ለመቅዳት ወይም ዳቦ ለመግዛት ስትወጡ የምታልፉበትን ያዙ። ሰኔ ሳይገባ ሁሉም አፍ ጠባቂ እንዲኖረው እንፈልጋለን።