ልጆች ይዞ ወደ ፑሊያ

በበጋ ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ ጣሊያን የሚወርድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ይከትማል። ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ብዙው ሱቅም ይዘጋል። ያኔ ነው የካስቴላና ዋሻ የሚናፍቀው።

ዋሻው ፑሊያ ክልል ውስጥ፣ ከባሪ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ተመራማሪው ፍራንኮ አኔሊ በ1938 እ.ኤ.አ. ወርዶ እስኪያየው ድረስ ማንም ውስጡን በቅጡ አያውቀውም ነበር። መግቢያው ጣሪያው የተቀደደ ግዙፍ አዳራሽ ነው፤ በቀዳዳው የሚገባው የፀሐይ ጨረር ምሰሶ መስሎ ይቆማል። ይህን ያየ ልጅ ስልክ አይጠይቅም። ውጪው ቢነድም ውስጡ ይቀዘቅዛልና ሹራብ አይረሳ። ሙሉው ጉብኝት 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለትንንሾቹ አጭሩ ይበቃል። ደረጃ ስላለ ሕፃን ከጋሪ ይልቅ በአንቀልባ ይሻላል።

የአልቤሮቤሎ ከተማም ቅርብ ነው፦ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠሩ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች። በአሮጌው ባሪ ደግሞ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ሊጡን በቢላ ጎትተው፣ በአውራ ጣት ገልብጠው ኦሬኬቴ ፓስታ ይሠራሉ።

ነሐሴ ላይ ሕዝቡ ይበዛል፤ የዋሻውን ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ።