የውሳኔ ጠባይና የሥራ ፍሬ

(በክረምት ዕረፍት ሐይቅ ከተማ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቶ ማኅበራችንን ርዳታ ጠየቀ። ገንዘቡ በእጃችን ነበር። እኛ ግን «አባሎች ሁሉ ይምከሩበት» እያልን ስብሰባውን ሦስት ጊዜ አዛወርነው። በአራተኛው ርዳታው በሙሉ ድምፅ ሲፈቀድ፥ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ገብቶ ነበር።

በዚያው ወራት የእግር ኳስ ቡድናችን የተሸነፈው በተቃራኒው ምክንያት ነው። አምበሉ ማንንም ሳያማክር በጨዋታው ዋዜማ የተጫዋቾችን ቦታ ለዋወጠ፤ ሜዳ ላይ ሁሉም አዛዥ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄያችን፥ መቼ መምከር፥ መቼስ መቍረጥ ይገባል? የሚል ነው።

ስኮትና ብሩስ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 የሰውን የውሳኔ ጠባይ በአምስት ከፍለውታል። አንዱ ነገሩን አመዛዝኖ ይወስናል፤ ሁለተኛው ልቡ የነገረውን ይከተላል፤ ሦስተኛው የሌላውን ምክር ይጠብቃል፤ አራተኛው እንደ መጣለት ወዲያው ይቈርጣል፤ አምስተኛው ከውሳኔ ይሸሻል። ቭሩምና የተን ደግሞ ቀደም ብለው በ1973 እንዳስረዱት፥ ለአለቃ አንድ ዓይነት አወሳሰን ለሁሉም ጉዳይ አይበጅም። የሚያስፈልገው ዕውቀት በማን ዘንድ እንዳለ፥ ሠራተኞቹም ካልተቀበሉት ውሳኔው ይፈጸም እንደ ሆነ አይቶ፥ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ይወስናል። ማኅበራችን ከአምስቱ የቱን እንደ መረጠ ግልጽ ነው፤ ሽሽትን «ምክክር» ብለን ጠራነው።

ከስፖርት ወገን አበበ ቢቂላን እናስብ። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ሮም ላይ ማራቶን ከመሮጡ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን ተመልክተው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ ሮም ቆሞ ነበርና፥ እዚያ ሲደርስ ፍጥነት እንዲጨምር አስቀድመው ቈረጡ። እንዲጠነቀቀው የተነገረው ተወዳዳሪ ደግሞ የሞሮኮው ራዲ ሲሆን፥ 26 ቍጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ለብሶ ወጣ። አበበ 26ን ከፊት ሲፈልግ፥ ራዲ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ወሬው ሲሳሳት ቆሞ የሚያማክረው ሰው የለም፤ ዕቅዱ ግን በልቡ ነበር። ከሐውልቱ ዘንድ ተነጥሎ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ተከተለው። ምክሩ በጸጥታው ሰዓት፥ ፍጻሜው በአንድ ሰው እጅ ሆነ።

ይህን ለመማር ግን ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቻችን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ነንና ቅሬን እናውቃለን። ለቅሶ ሲደርስ ቅሬው «መዋጮው ስንት ይሁን? መቃብር ማን ይቈፍር?» ብሎ ክርክር አይከፍትም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደንቡን ቀድሞ ተመካክሮበታል፤ የቀረው ጥሪውን ሰምቶ መነሣት ነው። በሰላሙ ቀን ሁሉም ተናግሯልና በኀዘኑ ቀን ሲታዘዝ አያጕረመርምም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ የሚሠሩበትን እኛ መጽሐፍ ይዘን አልቻልነውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ የርዳታው ደንብ፥ ለማን፥ ምን ያህልና በስንት ቀን እንደሚሰጥ፥ በሁላችን ምክር ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሦስት የተመረጡ ሰዎች ጥያቄው በቀረበ በ3 ቀን ውስጥ ይወስኑ፤ በየመንፈቁም ሒሳባቸውን ለጉባኤው ያቅርቡ። ሁለተኛ፥ የቡድኑ አሰላለፍ ከጨዋታው በፊት ከተጫዋቾች ጋር ይመከርበት፤ ሜዳ ላይ ግን የአምበሉ ቃል ብቻ ይሰማ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ በስብሰባዎቻችንም ደጋግመን ተርተነዋል። ያ ጓደኛችን ግን የሄደው ስለ ቸኰልን አይደለም። ስለዚህ ይህን አሳብ ለሚመጣው ስብሰባ እንዳናዛውረው አደራ እንላለን፤ ዛሬ ተከራክረንበት፥ ከመለያየታችን በፊት ድምፅ እንስጥበት።