ከባና ስር መውጣት

በዚህ ውርጭ ከባና ስር ወጥቶ ወለል ላይ ፑሽአፕ መሥራት ቀላል አይደለም። የመንዝ ደጋ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ሲያጭድ ለሚውል ገበሬ ስፖርት ሥራ አይባልም። የምናገረው ተቀምጠው ለሚውሉት፣ ለባለሱቁና ለቢሮ ሠራተኛዋ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እባካችሁ ታገሱ። ቀድሞ የሚለወጠው ጡንቻው ሳይሆን ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ነው። መስታወቱ ምንም ሳያሳያችሁ አምስት የነበረው ፑሽአፕ አሥር ይሆናል። ሰውነት ሲለወጥ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ያሳዝነኛል።

ለጽናት ምሳሌ ካስፈለገ፣ የሰሜን ሸዋው ተወላጅ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ማራቶን በ2፡12፡11 ሲያሸንፍ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። መስመሩን እንዳለፈ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ መሣሪያ አይፈልግም፤ ቤታችሁ አጎዛ ላይ ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ በሳምንት ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ነው። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠሩ ይበቃል። ቁጭ ብድጉን በዝግታ ጀምሩ። ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ ግን ወዲያው አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።