ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሥራ

ባለፈው ዓርብ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል» ያላችሁት ስለበዛችሁ፣ ስለ ምግብና ጉልበት እንድናገር ተጠየቅኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ግን ባዮሎጂ እወድ ነበር። ደግሞም ወንበር ላይ ቆሜ መስኮት ስወለውል ዞሮብኝ ወድቄ አውቃለሁ። ወደ ውስጥ ስለወደቅኩ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት፤ ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ነው። ማታ ደክሞኝ እራት ሳልበላ ተኝቼ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ በሆዴ የነበረው አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው።

እስቲ ያንን ሻይ እንቁጠረው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። አንዱ ግራም 4 ካሎሪ ይሰጣል። እኔ ሦስት ማንኪያ ነው የማደርገው፣ ስለዚህ 48 ካሎሪ። እሽግ ምግብ ላይ በዓረብኛ «ሱዕራት ሐራሪያ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ካሎሪ ነው። ወጪውን ደግሞ እንይ። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ምንም ሳትሠራ ብትተኛ እንኳ በሰዓት 50 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። ልብ ይመታል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ ሰውነት ሙቀቱን ይጠብቃል። እነሱ እኮ ከእኛም የባሱ ናቸው፣ ዓርብ እንኳ የላቸውም። ወለል ስትወለውል ግን በሰዓት ወደ 190 ይደርሳል። ያ ሻይ የሩብ ሰዓት ውልወላ ነው ማለት ነው።

ታዲያ በሩብ ሰዓት ለምን አንወድቅም? ጉበት ስላለ ነው። እንጀራም በሉ ኩብዝ፣ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። የተረፈውን ጉበት ያስቀምጠዋል፣ 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ስንተኛ ከዚያ እየቆነጠረ ለደም ይሰጣል። ጡንቻም ያስቀምጣል፣ ግን ስስታም ነው፣ ለራሱ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ስለዚህ ጠዋት ስንነሳ የጉበቱ ጎተራ ብዙው ወጥቷል። እራት ያልበላች ደግሞ ይብስባታል። ሰውነት ሲጨንቀው ጉበትን «አውጣ» የሚል ሆርሞን ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ውሃም አልጠጣሁም ነበር፣ እሱም አግዞታል።

አንዷ እህታችን «እኔ ወፍራም ነኝ፣ ሳልበላ ብውል ከስቡ ይወጣል» አለችኝ። እውነት አለው፣ ጡንቻ ስብ ያቃጥላል። ጭንቅላታችን ግን ስብን እንዳለ መጠቀም አይችልም። ከክብደታችን 2 ከመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበታችን 20 ከመቶ ያህሉን የሚበላ እሱ ነው። ጎተራው ሲያልቅ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ግሉኮስ ይሠራለታል። ያ ፍራሽ የምናነሳበት ክንዳችን ነው እኮ!

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጠዋት ሻዩን አልከለክልም፣ እኔም አልተውኩትም። ግን አጠገቡ ኩብዝና እንቁላል ይኑር፣ ወይ የትናንት ምስር። ጾም የምትጾሙ ፉልና ሑሙስ ከዘይት ጋር አለላችሁ። ረመዳን የምትጾሙም ሱሁር ላይ ፉል ብሉ። ባቄላ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ እንደ ስኳር ቶሎ ገብቶ ቶሎ አይወጣም። መስኮትና ምንጣፍ ከምግብ በኋላ ይሁን፣ በባዶ ሆድ ልብስ ማጠፍ ይሻላል።

የእኔ ማዳም አትብዪ ብላኝ አታውቅም፣ የምጣደፈው እኔው ነበርኩ። የሁላችሁም እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምግብ የሚቆለፍባት እዚህ መካከላችን አለች። እሷን ብሉ ብሎ መምከር ስድብ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻ እንነጋገር። ለመጠየቅ ለምትፈሩ ግን እኔ የምለው ይኼን ነው፦ «ማማ፣ ላዚም አኩል አወል፣ ባዕዴን ሹግል።» መጀመሪያ ልብላ፣ ከዚያ ሥራ ማለት ነው። ሳቅ ብዬ ነው የምለው፣ እስካሁን እምቢ አላለችኝም።

በደንብ እየበላችሁም የሚያዞራችሁ ካላችሁ ግን የምግብ ነገር ላይሆን ይችላል። ደም ማነስ፣ ግፊት፣ ስኳር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ነው። ሻይም ምስር እንደበላችሁ ወዲያው አትጠጡ፣ የምግቡን ብረት ይይዝባችኋል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከየቤታችሁ የብስኩትና የጭማቂ ባዶ ካርቶን አምጡ። ጽሑፉን አብረን እናነባለን።