ስለ አባያ ውሃና ስለ ሰው ልብ



ከሴቻ ሆነን ቁልቁል ስንመለከት ሁለቱ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ይታዩናል። ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ አባያ ግን ደፍርሶ ወደ ቀይ ያደላል። ሰማያቸው አንድ ነው፣ ጎረቤትም ናቸው። አባያ እነ ብላቴ ወንዝ የሚያመጡትን አፈር ይቀበላል፤ ጥልቀቱም ብዙ ስላልሆነ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከሥሩ ይታመሳል፤ ለመጥራት ጊዜ የለውም።

የሰውም ልብ እንደዚሁ ነው። እኛ የዕድር ጸሐፊ ሳለን የሰማነው ወሬ ሁሉ ያደፈርሰን ነበር። አንድ ጊዜ ለቀብር አልወጣም ተባለና የአንዱን ወንድማችንን ስም ከቀሪዎች ጋር አሰፈርን፤ መቀጮም ጻፍንበት። ለካ ሰውየው ታሞ ተኝቷል! ቤቱ እኮ ሩቅ አልነበረም፣ ሄደን ብንጠይቅ ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈገን። እኛም አኮረፍን፣ አጥፊዎቹ እኛው ሆነን ሳለ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻችን ተገድለው እዚህ አርባ ምንጭ ወጣቱ በቁጣ ሲነሣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ሣር ብረት አይደለም፣ ሕፃን ይነቅለዋል። ነገር ግን አባት ሣር ይዞ ሲለምን አልፎ መሄድ በጋሞ ነውር ነው። ወጣቱም ቆመ።

ይህን ካየን በኋላ ነው እኛም ሽማግሌ ለምነን፣ ሣር ይዘን ወደ ወንድማችን ደጅ የሄድነው። ብዙ አላስለመነንም፤ «ግቡ፣ ቡና ይፈላል» አለን።

አሁን ለጉባኤው የምናቀርበው አንድ ነገር ነው፦ የቀሪ ስም ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ።