ጠባቂው ባለቤቱን ሲከለክል
(በሐረር ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



የጁገል ግንብ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ እንደ ነበር የዚህች ከተማ ልጆች ታውቃላችሁ። የበር ጠባቂ ሥራው ሁለት ነው፤ ሌባውን መከልከልና ባለቤቱን ማስገባት። ዛሬ የምንነጋገረው በኮምፒውተሮቻችን በር ላይ ስለ ቆመው ጠባቂ፣ ስለ ጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ነው፤ በተለይም ንጹሑን ፕሮግራም ቫይረስ ነው ብሎ ስለሚይዝበት ጊዜ።

ይህ ስሕተት በታላላቅ ኩባንያዎችም ደርሷል። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ማካፊ ያሠራጨው ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ በመያዙ፣ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮች እየጠፉ ይነሡ ጀመር፤ የሆስፒታሎች ሥራ ሳይቀር ታወከ። መስከረም 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ የሶፎስ ጸረ ቫይረስ የራሱን ማሻሻያ ፕሮግራም ጠላት ብሎ ያዘ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጸረ ቫይረስ በሦስት መንገድ ይፈርዳል። ፋይሉን ከታወቁ ቫይረሶች ምልክት ጋር ያመሳክራል፤ የፕሮግራሙን ጠባይ ይመለከታል፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበትና የሠሪው ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ይመረምራል። የግእዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች በኋለኞቹ ሁለቱ በቀላሉ ይጠረጠራሉ። በላቲን ቁልፍ የተመታውን ወደ «ሀ» እና «ለ» ለመለወጥ እያንዳንዱን ምት ማዳመጥ አለባቸው፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተጠቃሚያቸው በዓለም ሚዛን ጥቂት ስለ ሆነም፣ ጠባቂው እንደ እንግዳ ያያቸዋል።

ጉዳቱ ሪፖርት በማዘግየት ብቻ አያበቃም። በሐሰት ማስጠንቀቂያ የተሰላቸ ሠራተኛ ጠባቂውን ፈጽሞ ያጠፋዋል። ያን ጊዜ በፍላሽ የሚዞረው እውነተኛ ቫይረስ ያለ ከልካይ ይገባል፤ የተረጂዎች ስም ዝርዝርና የሒሳብ ሰነድም አደጋ ላይ ይወድቃል። በድርቅ ለተጎዳ ቤተሰብ ይህ ዝርዝር የእህል ራሽኑ ማረጋገጫ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው፣ ፈቃዱ የተሰበረው ቅጂ ነው። «መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል። ጠባቂው ሲጮኽ እውነቱን ይሁን ሐሰቱን መለየት ያዳግተናል፤ የምናመሳክርበት የሠሪው ንጹሕ ቅጂ በእጃችን የለምና።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድናደርግ እንመክራለን። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቸኩለን አንሰርዝ፣ ቸኩለንም አንፍቀድ፤ ፋይሉ በለይቶ ማቆያው ውስጥ ይቆይ። ፕሮግራሙን ከሠሪው ድረ ገጽ እንደ ገና እናውርድና ፊርማውን እንይ። ቫይረስ ቶታል በተባለው አገልግሎት ብዙ ጸረ ቫይረሶች በአንድነት እንዲመረምሩት ማድረግ ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከጠረጠሩት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ከተስማሙ ግን እንጠንቀቅ። ወደዚያ የሚላከው የፕሮግራሙ ፋይል ብቻ ይሁን፤ የተላከው ለሌሎች መርማሪዎችም ስለሚደርስ የተረጂዎች ሰነድ ፈጽሞ አይላክ። ንጹሕነቱ ከተረጋገጠ ለዚያ አንድ ፋይል ብቻ ፈቃድ እንስጥ እንጂ መላውን ዲስክ ከፍተሻ ነጻ አናድርግ። ስሕተቱንም ለጸረ ቫይረሱ ሠሪ እናሳውቅ፤ የእኛ ፊደል መሣሪያዎች እንዲታወቁ የሚያደርገው ይህ ነውና። በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም ለብዙዎቻችን ሥራ ይበቃል።

ባለቤቱን የከለከለ ጠባቂ ባለቤቱን እንዲያውቅ ይደረጋል እንጂ አይባረርም። በሩን ክፍት ትቶ መተኛት ግን የተሰጠንን አደራ መዘንጋት ነው።