የመንጋው ጌታና የኢዮቤልዩ ምድር
ስለ ከብት አርቢው ስለ ፓትሪክ ዱራክና ስለ ቤተ ሰቡ የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው ኀምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበረ፤ ባሪያው አርነት ይወጣ ነበረ፤ የተሸጠውም ርስት ወደ ቀድሞ ባለቤቱ ይመለስ ነበረ። የሕጉም ምክንያት ግልጥ ነው፤ ምድር የፈጣሪዋ ገንዘብ ስለ ሆነች ሰው ለጊዜው ያደረባት እንግዳ እንጂ የዘለዓለም ባለቤቷ አይደለም። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ቀንም ነው። አባቶች ምን እንደ ሠሩ፥ ምን እንዳወረሱ፥ የማንንም ርስት እንደ ያዙ የሚመረመርበት ቀን ነው።

ለዚህ ምርመራ በሩቅ አገር በአውስትራሊያ የኖረ የአንድ ከብት አርቢ ሕይወት መልካም ምሳሌ ይሆናል። ስሙ ፓትሪክ ዱራክ ይባላል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፓትሪክ በ1834 በአየርላንድ አገር በክሌር አውራጃ በስካሪፍ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ማይክል እናቱም ብሪጅት ይባላሉ። በዚያን ዘመን አብዛኛው የአየርላንድ ገበሬ በባለርስት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ የሚኖር ነበረ፤ ድኻውም የሚበላው ድንች ነበረ። በ1845 በድንቹ ላይ በሽታ ገባበትና በማሳው ውስጥ በሰበሰ። ከዚያም በኋላ በነበሩት የክፉ ቀን ዓመታት አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በረኃብና በተስቦ አለቀ፤ ሌላም አንድ ሚሊዮን የሚያህል ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። የዱራክ ቤተ ሰብም በ1853 ወደ አውስትራሊያ ተሰዶ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በጎልበርን ከተማ አጠገብ ሰፈረ።

ነገር ግን ስደተኛው ዕቃውን ሳያራግፍ ሌላ መከራ መጣበት። በገቡ በኹለት ወር አባትዮው በድንገተኛ አደጋ ሞተ። ፓትሪክ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጐበዝ ነበረ፤ እናቱና ታናናሾቹ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቁ። እርሱም ቤተ ሰቡን በዘመድ ዘንድ አስጠግቶ በቪክቶሪያ ግዛት ኦቨንስ ወደሚባለው የወርቅ ማውጫ ሄደ፤ በዐሥራ ስምንት ወርም አንድ ሺሕ የእንግሊዝ ፓውንድ ይዞ ተመለሰ። በዚያ የወርቅ አገር ብዙ ሰው ያገኘውን ወርቅ በመጠጥና በቁማር በትኖ ባዶ እጁን ይመለስ ነበረ፤ እርሱ ግን ለእናቱ ቤትና ለመንጋው መሬት ገዛበት። በ1862 ሜሪ ኮስቴሎ የምትባለውን፥ እንደ እርሱ ከአየርላንድ ወገን የሆነችውን፥ በተክሊል አገባ።

በ1863 ከወንድሙ ከማይክልና ከሚስቱ ወንድም ከጆን ኮስቴሎ ጋር ሆኖ መንጋ እየነዳ ወደ ኲዊንስላንድ ምድረ በዳ ገባ። ዝናም ጠፋ፤ ኵሬው ሁሉ ደረቀ፤ ከብቱም በመንገድ አለቀ። ሰዎቹም በጥማት ሊሞቱ በተቃረቡ ጊዜ ከሞት ያዳኗቸው የዚያ ምድር ጥንተ ነዋሪዎች ነበሩ። ይህ ነገር በልብ ይያዝ፤ ለኋለኛው የታሪኩ ክፍል ቍልፍ ነውና።

በ1868 ደግሞ ተመልሰው ሄዱ። ፓትሪክ በኩፐርስ ክሪክ ወንዝ ገባር አጠገብ ታይላንግራ በተባለ ስፍራ በረት ሠራ፤ ኮስቴሎም በጎረቤቱ ሰፈረ። ዝናም ሲዘንብ ያ ምድር በሣር ይሞላል፤ ዝናም ሲቀር ግን አቧራ ነው። ፓትሪክ የውኃን መንገድና የሣርን ወራት ከጥንተ ነዋሪዎቹ እየተማረ መንጋውን አበዛ። ከእነርሱም አንዱ ፓምፕኪን የተባለ ሰው የልብ ባልንጀራው ሆነና እስከ ሰሜን ድረስ ተከተለው። የፓትሪክ ልጆች ሚካኤልና ጆን በጎልበርን በነበረው በቅዱስ ፓትሪክ ኮሌጅ ተማሩ፤ በረሓ ቢያድሩም የሃይማኖት ትምህርት እንዳይቀርባቸው አባታቸው ገንዘብ አልሰሰተም።

በ1879 አሌክሳንደር ፎረስት የተባለ መንገደኛ በምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ ኪምበርሊ የሚባለውን አገር አይቶ የሣሩንና የወንዙን ብዛት ተናገረ። ፓትሪክም ድርቁን ስለ ሰለቸ፥ ልጆቹንም ርስት ሊያወርስ ስለ ወደደ፥ በ1882 ወንድሙን ማይክልን በባሕር ልኮ የኦርድን ወንዝ አስመረመረ። በ1883 ጉዞው ተጀመረ። ሰባት ሺሕ ኹለት መቶ ኀምሳ ከብትና ኹለት መቶ ፈረስ ተነዳ፤ መንገዱም ሦስት ሺሕ ማይል ያህል ነበረ፤ ይኸውም በኪሎ ሜትር አራት ሺሕ ስምንት መቶ ይሆናል። ወጪውንና ዕቅዱን የያዘ ፓትሪክ ሲሆን መንጋውን የነዱት ዘመዶቹና እረኞቹ ነበሩ።

በእንዲህ ያለ ጉዞ ከብት እየጋጠ እንጂ እየሮጠ አይሄድም፤ ቢቸኩሉበት ይከሳል፤ ቢዘገዩበት ውኃው ይደርቃል። ሌሊት እረኞች ተራ ገብተው በፈረስ ይዞሩታል፤ አንዲት ላም ብትደነግጥ መንጋው ሁሉ ይፈረጥጣልና። በመንገድ የተወለደ ጥጃም ከእናቱ ጋር መከተል ስለማይችል ብዙ ጊዜ ይገደል ነበረ። ድርቅ ለብዙ ወር ውኃ አጠገብ አገዳቸው፤ የሳንባ በሽታ ከብቱን፥ ንዳድ ሰውን መታ። በመጨረሻ በመስከረም 1885 ኦርድ ወንዝ ሲደርሱ ከመንጋው ግማሽ ያህሉ አልቆ ነበረ፤ ከሰዎቹም በመንገድ የቀሩ ነበሩ። የተረፈው ግን አርጋይል ዳውንስንና ሌሎችንም የከብት ስፍራዎች ያቆመ መንጋ ሆነ።

ስለዚህ ጀግንነት ብዙ ተነግሮአል፤ የተነገረውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ ካለቀ ግማሽ ሒሳብ ነው። ሣሩና ወንዙ ባለቤት አልባ አልነበረም። ሚሪውንግና ጋጀሮንግ የተባሉት ነገዶች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበረ። ከብቱ የውኃ ጕድጓዳቸውን ረገጠ፤ የሚያድኑትን አውሬ አሸሸ፤ እነርሱም ከብቱን መውጋት ጀመሩ። በ1886 ከፓትሪክ ዘመዶች አንዱ ጆን ዱራክ በጦር ተወግቶ ሞተ፤ ለበቀልም የወጡ ሰዎች ከጥንተ ነዋሪዎቹ ወገን ገደሉ። ከዚያም በኋላ የተረፉት በየከብት ስፍራው እረኛና አገልጋይ ሆኑ፤ ለብዙ ዘመንም በደመወዝ ፈንታ ቀለብና ልብስ ብቻ ይሰጣቸው ነበረ። ለጥንተ ነዋሪ እረኞች እኩል ደመወዝ እንዲከፈል የተፈረደው በ1966 ነው። በ1863 በጥማት የሚሞተውን እንግዳ ያዳነ እጅ ብድሩን እንዲህ ሆኖ ተቀበለ።

ፓትሪክም ራሱ የዚህን ዓለም ሀብት ከንቱነት ቀመሰ። በ1890 ገደማ በኲዊንስላንድ የገንዘብ ውድቀት ሲመጣ ያከማቸው ሁሉ ጠፋ። የኪምበርሊው ንብረት በልጆቹ ስም ስለ ነበረ ብቻ ተረፈ። የመንጋ ጌታ ይባል የነበረው ሰው ሽምግልናውን በልጆቹ ቤት እየሠራ አሳለፈ፤ ማጉረምረም ግን ሥራ አላስፈታውም። በ1893 ሚስቱ ሜሪ በአርጋይል በንዳድ ሞተች። እርሱም በ1898 በፍሪማንትል ከተማ ዐረፈ፤ የኹለቱም መቃብር ስደታቸው በተጀመረበት በጎልበርን ሆነ።

ልጁ ማይክል ፓትሪክ ከ1917 እስከ 1924 በምዕራብ አውስትራሊያ ምክር ቤት የኪምበርሊ እንደራሴ ነበረ፤ በ1950 የቤተ ሰቡ ርስት ተሸጠ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ከልጆቹ አንዱ ኪምበርሊ ዱራክ ምድሩ ከሣር ሌላ እህል ይሰጥ እንደ ሆነ በመስኖ እየዘራ ሞከረ። ይህም ሐሳብ የኦርድን ግድብ አስከተለ፤ ግድቡም በ1972 ተመርቆ ውኃው አርጋይል ዳውንስን ዋጠው። የአባቶች የድንጋይ ቤት ግን አስቀድሞ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ ከፍ ባለ ስፍራ እንደገና ተሠራ፤ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። የልጅ ልጁ ሜሪ ዱራክ በ1959 የቤተ ሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች፤ በ1969 ደግሞ በዚያ አገር ወንጌል ስላስተማሩት ካቶሊካውያን መልእክተኞች ጻፈች። እኅትዋ ኤልሳቤጥ ሠዓሊ ሆነች።

በ2003 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለሚሪውንግና ለጋጀሮንግ ነገዶች የጥንት ርስት መብታቸውን አጸናላቸው። መንጋው ከገባ አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበረ። በሙሴ ሕግ ቢቈጠር ኢዮቤልዩ ኹለት ጊዜ አልፎ ነበረ ማለት ነው፤ ሞቱትም ብዙዎች ሳያዩት ሞቱ። ዘግይቶም ቢሆን ግን ቀንደ መለከቱ ተነፋ።

ምእመናን ሆይ፤ ከዚህ ሰው ታሪክ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ አባት ሲሞት ልጅ ቤቱን ማቆም እንዳለበት፤ ፓትሪክ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አልሸሸምና። ኹለተኛ፥ በረት ይፈርሳል፥ ባንክ ይወድቃል፥ ቤትም በውኃ ይዋጣል፤ ለልጆች የሚተርፈው ሃይማኖትና ትምህርት፥ የዘመድም ፍቅር ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ ይከብዳል፤ አባቶችን የሚያከብር ሰው በጎ ሥራቸውን ብቻ ቈጥሮ የበደሉትን ሊሸፍን አይገባውም። ንስሓ የሌለበት ውዳሴ ለሙታን አይጠቅምም፤ ሕያዋንንም ያስታል።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን በምታከብርበት ቀን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሒሳብ ይመርምር፤ በእጁ ያለው ርስት የማን እንደ ነበረ፥ የረዳውም እጅ የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። የድኻውን ደመወዝ ያስቀረ ይክፈል፤ የወንድሙን ድንበር የገፋ ይመልስ። እንዲህ ከሆነ የዛሬው መለከት በጆሮ ብቻ ሳይሆን በሰማይም ይሰማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።